ሀብታሙ ያስቀመጠው ካርቶን

ቆቦ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ቴፕና ስፒከር እየገጠምኩ ነው ልጆቼን የማሳድገው፣ ስለ ድምፅ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ያለ ገመድና ያለ ባትሪ ከስፒከር ምንም እንደማይወጣ ነው፣ ስለዚህ ሰው ጂን አናገረኝ፣ የሞተ ዘመዴ ጠራኝ ሲለኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ አዳምጥና በሆዴ «ገመዱን አላየህም እንጂ» እል ነበር። ይህን የምነግርህን ግን ገመዱን ራሴ ቆርጬ፣ ባትሪውን ራሴ ነቅዬ ነው የሰማሁት፣ እባክህ ሳትቸኩል ስማኝ።

ሀብታሙ የሚባል ልጅ ነበር፣ ዋጃ ነርስ ሆኖ የሚሠራ፣ ጠዋት በአባቱ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ሄዶ ማታ የሚመለስ። አባቱ ጋሼ ሞላ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ግማሹን ከተማ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጆሯቸው ደክሟል፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልተነገራቸው አይሰሙም። ልጁ ከደሴ አራት አዳዲስ ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር በካርቶን ይዞ መጣና «ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ቴፕ ይቆይ፣ አባቴ ቁልፎቹን ለምዷቸዋል፣ እነዚህን ብቻ ግጠምልኝ» አለኝ። ጭፈራ አምሮህ ነው ብዬ ስቀልድበት ሳቀና «ኧረ ለእሱ ነው፣ ሬዲዮ ሲሰማ ጆሮውን የበሩ ስፒከር ላይ ለጥፎ ነው የሚነዳው፣ አንድ ቀን ከግመል ጋር ይጋጫል» አለኝ።

እኔ የባጃጅ ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ አልበዛብኝም፣ የአሮጌ መኪና በር ፈቶ ገመድ መፈለግ ታክቶኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቄ በር አንገቱን አስግጎ ጉሮሮውን ይጠርግና «ሰይዶ፣ ተራዬ ደረሰ?» ይለኛል፣ እኔም «የሚመጣው ቅዳሜ ኢንሻአላህ» እለዋለሁ፣ አላህ ይማረኝ፣ ቃሏን ማምለጫ አድርጌያት ነበር፣ እሱም ሳይቆጣ ይሄዳል። አምስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ፣ በስድስተኛው አልመጣም።

ወባ ነው ያሉት። ስንቱን የወባ በሽተኛ ሲያክም የኖረ ልጅ፣ እሱን ሲይዘው ድካም ነው ብሎ ሁለት ቀን ሠራበት፣ በሦስተኛው ወደቀ፣ በአምስተኛው ቀበርነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አባቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፣ ስለ ካርቶኑ ሳልናገር ተነስቼ ወጣሁ።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት ስመለስ ነጯ መኪና ሱቄ በር ላይ ቆማ ጋሼ ሞላ ከውስጥ ተቀምጠዋል።

«ሰይድ፣ ልጄ አንተ ጋ ያስቀመጠው ዕቃ አለ አሉ» አሉኝ።

«አለ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጊዜው ልሠራለት ሲገባኝ…»

«እ?» አሉ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ያንን ጥፋት ጮክ ብዬ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ልድገመው? አልቻልኩም። «አለ» ብቻ አልኩ።

«እንግዲያው ግጠመው፣ እሱ እንዳዘዘህ አድርገህ።»

ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፣ ይህን ልብ በልልኝ፣ ከዚያ የሾፌሩን በር ፈትቼ የድሮውን ስፒከር አወጣሁ፣ ወረቀቱ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ ገመዱን ቆርጬ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ጥቅ፣ ጥቅ አለ፣ በጥፍር እንደሚነካ ዓይነት፣ ከሙቀት የወጣ ብረት ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አለፍኩት። ደግሞ ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከር የሚያሰማት ትርትርታ አለች አይደል፣ እሷን ሰማሁ፣ ግን ከየት? ስልኬን ባወጣው ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፣ የጋሼ ሞላም ቤት ነው የቀረው። ስፒከሩን አንስቼ ገለበጥኩት፣ ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች እንደተንጠለጠሉ ናቸው፣ በቀስታ መልሼ አስቀመጥኩትና የሙቀት ይሁን የሌላ እንጃ የግንባሬን ላብ ጠረግሁ።

አዲሶቹን አራቱንም አስገባሁ፣ አምፕሊፋየሩን ከኋላ ወንበር ሥር አሰርኩ፣ ኃይል የሚያስገባለትን ገመድ እስከ ሞተሩ ዘረጋሁ፣ የቀረችኝ ፊውዟ ነበረች፣ እሷ ካልገባች አምፕሊፋየሩ ሙት ነው፣ ስፒከሮቹም ሙት ናቸው፣ ፊውዟ ደግሞ በግራ መዳፌ ውስጥ ነበረች። ጋሼ ሞላ ተመልሰው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና በሩን ዘጉ፣ እኔም ገመድ ላስተካክል ከጎናቸው ገባሁ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው የሰማሁት፣ ሮጦ የመጣ ሰው ቆሞ እንደሚተነፍሰው። የእሳቸው መስሎኝ አየኋቸው፣ አፋቸው ተከድኖ ፊት ለፊት ያያሉ። ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ፣ ቀጥሎም በበሩ በኩል፣ ከአዲሱ ስፒከር ውስጥ፣ ዝግ ብሎ፣ «ሰይዶ፣ ተራዬ ደረሰ?»

ወላሂ፣ አልጮህኩም፣ አልሮጥኩም፣ ከአፌ የወጣው «ደርሷል ወንድሜ» የሚል ነው፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ በቀብሩ ዕለት እንቢ ያለኝ እንባ።

ጋሼ ሞላ ግን፣ ሁለት ጊዜ ካልተነገራቸው የማይሰሙት ሰው፣ እኔ ያልሰማሁትን ነገር እየሰሙ ይመልሱ ነበር። «እሺ» ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ «የለም፣ እናትህ ደህና ናት» ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ «እሺ የኔ ልጅ» ይላሉ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተንም ጠየቀህ?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ፣ ሰሙኝ።

«ምን አልከው?»

«ደርሷል አልኩት።»

«ጥሩ» አሉ።

መዳፌን ስከፍተው ፊውዟ በላብ ርሳ እዚያው አለች። ላስገባት ወርጄ የሞተሩን ክዳን ስከፍት «ተወው፣ እንዲሁ ይበቃኛል» አሉኝ፣ እኔም መኪናዋ እንድትነሳ ባትሪውን ብቻ አሰርኩላቸው፣ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት በዋጃ መንገድ ወጥተው ማሽላው ዳር ያቆማሉ፣ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ባለባጃጆቹ «ብቻውን ያወራል፣ ሐዘን ነው» ይላሉ። እኔም ደሴ ያለ የሙያ ወዳጄን ጠየቅኩት፣ «ረጅም ገመድ እኮ የሬዲዮ ሞገድ ይይዛል» አለኝ፣ ልክ ነው፣ ይይዛል። ስሜን የሚያውቀው ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሀብታሙ እናት፣ እትዬ በላይነሽ፣ በእግራቸው ሱቄ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ናቸው። «ቤት ድረስ ና፣ መኪናዋን እይልኝ» አሉኝ፣ ተከትያቸው ሄድኩ፣ ጋሼ ሞላ ውስጥ ተኝተው ነበር። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ሞላ ሲገባ ልጄ ያወራዋል። እኔ ስገባ ዝም ይላል። ሞላ በተኛ ቁጥር እየወጣሁ ተቀምጫለሁ፣ ምንም የለም። ሰይድ፣ የቱን ነው የምጫነው?»

የሚጫኑት ቁልፍ የለም፣ ፊውዟም ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ናት ልበል? ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፣ ይህ ማብሪያ ነው፣ ይህ ድምፅ መጨመሪያ ነው፣ ይህ ጣቢያ መፈለጊያ ነው፣ ጣታቸው ጣቴን እየተከተለ፣ ተማሪ ይመስል ከንፈራቸው እየደገመ።

«አሁን ውረድ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሰው ሲኖር አያወራ ይሆናል።»

ወርጄ በሩን ዘጋሁላቸው። ፊቴን ወደ ግቢው መውጫ ሳዞር ነው የሰማሁት፣ ከኋላዬ፣ ከመኪናዋ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ «እማዬ» ሲል። ደገመው። ዞሬ በመስታወቱ አየሁ፣ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ቴፑ ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ገና እየጠበቁ ነበር።

መስማቴን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።