ሐሴት፣ ጋሪውና የመጨረሻው ዙር ባቡር

«እማዬ፣ ትልቅ ልጅ በጋሪ ቢሄድ ያሳፍራል እንዴ?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ሐሴት ናት። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እየበላን፣ «የሕፃንነት ጋሪሽን እንያዝ ይሆን?» ስላት ነበር።

ሐሴት ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ጫማዋን ራሷ ታስራለች፣ ፊቷን ራሷ ትታጠባለች፣ ትንሹን ወንድሟን ናሆምንም እሹሩሩ ትላለች።

የዚያን ቀን ከከተማው ዳር ወዳለው ትልቁ የልጆች መጫወቻ ልንሄድ ነው። እዚያ ሸርተቴ አለ፣ ዥዋዥዌ አለ፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶችም አሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ባቡር አለ! «ቱቱ! ቱቱ!» እያለ በዛፎቹ መካከል የሚዞር ቀይ ባቡር።

«እኔ ባቡሩን ነው የምፈልገው» አለች ሐሴት። «ባቡሩን ሳልሳፈር ወደ ቤት አልመለስም!»

ባቡሩ ያለው ግን ከመጫወቻው ወዲያኛው ጫፍ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው።

አባቷ ሥራ ገብቷል። እኔ ደግሞ ናሆምን አዝላለሁ፤ ናሆም ከጀርባዬ ከወረደ አገር ይያዝልኝ ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

«ሐሴት ከደከማትስ? ሁለት ልጅ እንዴት አዝላለሁ?» ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ከአልጋ ሥር የድሮ ጋሪዋን ጎትቼ አወጣሁት።

ጋሪው ከተኛበት ተነሣና አዛጋ። «ጢጥ! ጢጥ!» አለ ጎማው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ላይ አዩኝና ሳቁ። «ውይ የሐሴት እናት! ሕፃኑ ጀርባሽ ላይ፣ ጋሪው ባዶ! ምን ልትጭኚበት ነው? ጎመን?»

«ምናልባት ሐሴት ከደከማት ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ይቺን የምታክል ልጅ በጋሪ? ሰው ሲያያት ታማለች ይልሻል!» አሉኝ።

ሐሴት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንዲህ አለች፦

«ትልቅ ነኝ! በእግሬ ነው የምሄደው!»

«እሺ የኔ እናት» አልኳት። «አንቺ በእግርሽ ሂጂ። ጋሪው ዳቦውንና ውኃውን ይያዝልን።»

መጫወቻው በር ላይ ደረስን። ሐሴት እጄን ለቀቀችና ሮጠች፤ «ዱብ! ዱብ! ዱብ!» አሉ እግሮቿ።

ጋሪው ከኋላዋ ተከተላት። «ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!»

ወደ ሸርተቴው ወጣች። «ሽርርር!» ብላ ወረደች፣ ደግማ ወጣች፣ ደግማ ወረደች።

«ትንሽ ትቀመጫለሽ?» አልኳት ጋሪውን እያሳየኋት።

«ትልቅ ነኝ! በእግሬ ነው የምሄደው!»

በዥዋዥዌው ላይ ወዲያና ወዲህ በረረች። ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ ተነፋ።

«አሁንስ? ትንሽ ትቀመጫለሽ?»

«ትልቅ ነኝ! በእግሬ ነው የምሄደው!»

በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ስትወርድ መሬቱ ራሱ የሚዞር መሰላት፤ እየሳቀች ጋሪውን ያዘች።

«የያዝኩት እንዳልወድቅ ነው እንጂ ልቀመጥበት አይደለም» አለችኝ ቶሎ ብላ።

ዛፍ ሥር ዳቦ በላን፣ ውኃ ጠጣን። ከዚያ ወደ ባቡሩ መንገድ ጀመርን።

«ዱብ! ዱብ!» አሉ የሐሴት እግሮች። ትንሽ ቆይተው፣ «ዱ...ብ። ዱ...ብ።»

ከዚያ ምንም አላሉም። ሐሴት መንገዱ መሐል ቁጢጥ ብላ ነበር።

«እማዬ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። ዐይኗ እንባ ሞላ።

ልክ በዚያን ጊዜ፣ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ ወዲያ፣ ባቡሩ ጮኸ። «ቱቱ! ቱቱ!»

«ቶሎ በሉ!» አለን በአጠገባችን ያለፈ ጥበቃ። «ባቡሩ ለዛሬ የቀረው አንድ ዙር ብቻ ነው።»

አንድ ዙር ብቻ! ሐሴት ልትነሣ ሞከረችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እዘዪኝ!»

ዞር ብዬ ጀርባዬን አሳየኋት። ናሆም እዚያ ተለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ሐሴት ናሆምን አየች። መንገዱን አየች። ከዚያ ጋሪውን አየች።

እኔ የዳቦውን ፌስታል ከጋሪው አንሥቼ እጀታው ላይ አንጠለጠልኩት፤ ቦታው ባዶ ሆነ።

«እማዬ... ትንሽ ብቻ» አለች ሐሴት በቀስታ።

«ትንሽ ብቻ» አልኳት።

ገብታ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ሰው እንዳያየኝ» አለች፤ ፊቷንም በእጇ ሸፈነች። «ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!» አለ ጋሪው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት ቆሙ። «ውይ! ምነው፣ አመማት? እግዜር ይማራት!»

«አሜን» አልኩ። አፌ ለምዶበታል፤ ሰው ሲመርቀኝ ዝም ማለት አልችልም።

«እማዬ!» አለች ሐሴት በጣቶቿ መሐል እያየችኝ። «ለምን አሜን ትያለሽ? አላመመኝም! ደክሞኝ ነው!»

እውነቷን ነው። ለሴትዮዋ ልነግራቸው ዞር ስል ግን፣ ጃንጥላቸው ከፊታችን ርቆ ሄዷል።

ፈንዲሻ ሻጩ ቆመ። «ምነው፣ ልጅቷን አመማት? እግዜር ይማራት!»

«አሜን» አለ አፌ፣ እኔ ሳልቀድመው።

«እማዬ! አላመመኝም! ደክሞኝ ነው!»

«ውይ፣ ይቅርታ የኔ ቆንጆ!» ብዬ ወደ ፈንዲሻ ሻጩ ዞርኩ። «ደህና ናት ወንድሜ፣ ደክሟት ነው» ስለው ሳቀና ፈንዲሻ አቀመሳት።

ሐሴት ፈንዲሻውን ቆረጠመች። ፊቷን መሸፈንም ረሳች።

«ፍጠን፣ ጋሪዬ!» አለች። «ጢጥ-ጢጥ-ጢጥ-ጢጥ!» ጋሪው በረረ፣ እኔም ከኋላው ሮጥኩ፣ ናሆምም ጀርባዬ ላይ ተንጦ ተንጦ ነቃ።

ደረስን! ቀዩ ባቡር ቆሟል፤ ወረፋው ግን እንደ እባብ ተጥመልምሏል።

ወረፋው መሐል ደግሞ ያ ጃንጥላ ብቅ አለ። «መጡ! ያቺ ያመማት ልጅ መጣች! መንገድ ልቀቁላት!» አሉ እኒያ እናት።

«ለታመመች ልጅ መንገድ!» አለ አንዱ። «ለታመመች ልጅ መንገድ!» አለች ሌላዋ፤ ወረፋው ለሁለት ተከፈለ።

«የለም፣ የለም፣ እናንተዬ...» አልኩ። «ቱቱ!» አለ ባቡሩ፤ ድምፄን ዋጠው።

አንዱ ጋሪውን ከፊት ሳበው፣ ሌላው ከኋላ ገፋው። ዐይናችንን ገልጠን ስናይ ከሰው ሁሉ ፊት ቆመናል።

የባቡሩ በር ተከፍቷል። ቀይ ወንበሩ ቅርብ ነው፤ ሐሴት እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች።

ከኋላችን አንዲት ትንሽ ልጅ የአያቷን ኮት ጎተተች። «አባባ፣ እኛስ አንሳፈርም?»

«የታመመ ይቅደም፣ ልጄ» አሉ አያቷ። «ቦታ ከተረፈ እንሳፈራለን፤ ካልተረፈም ምን ይደረጋል።»

ሐሴት ሰማች። ቀዩን ወንበር አየች፣ ትንሿን ልጅ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እኔም አየኋት። «ልጄ፣ ምን እናድርግ?» አልኳት በጆሮዋ።

ሐሴት እግሯን መሬት ላይ አደረገች። ከጋሪው ወጣች፣ ቆመች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አላመመኝም! ደክሞኝ ነው! አሁን ደግሞ ዐርፌያለሁ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ናሆም እንኳ ጣቱን መጥባት ተወ።

ባለ ጃንጥላዋ እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ «ኪኪኪ!» ብለው ሳቁ።

«ተመስገን! እንኳንም አላመመሽ!» አሉ። «እኔ እኮ ለድካምሽ ነው እስካሁን ስጸልይ የቆየሁት!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሐሴት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ኋላ እሷም ሳቀች።

ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ወረፋው መጨረሻ ሄደች። በእግሯ! «ዱብ! ዱብ! ዱብ!»

አንድ ቤተሰብ ገባ። ሌላ ቤተሰብ ገባ፤ ትንሿ ልጅና አያቷም ገቡ።

ወረፋው አጠረ፣ አጠረ፣ አጠረ። ከፊታችን ማንም አልቀረም።

«ሞላ!» አለ ትኬት ቆራጩ፤ በሩን ሊዘጋ እጁን አነሣ።

ሐሴት እጄን አጥብቃ ያዘች እንጂ አላለቀሰችም።

እኔ በልቤ፣ «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» አልኩ።

«ማነው ሞላ ያለው?» አለ ከመጨረሻው ፉርጎ አንድ ድምፅ። የትንሿ ልጅ አያት ናቸው!

«እኛ የታክሲ ልጆች አይደለን እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉ!» አሉና የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እንዲያ ያለች እውነተኛ ልጅ ጥለን ልንሄድ ነው?»

«ጠጋ ጠጋ!» አሉ ሁሉም። ወፍራሙ ሰውዬ ጠጋ አለ፣ ፊኛ የያዘችው ልጅ ጠጋ አለች፤ ቀዩ ወንበር ላይ ቦታ ተገኘ።

ትኬት ቆራጩ ጭንቅላቱን አከከ። «በሉ ግቡ! ጋሪው ግን አይሳፈርም፤ እኔ ጋ ይጠብቃችኋል።»

ገባን፣ ተቀመጥን። «እፎይ!» አልኩ እኔ፣ «እፎይ!» አለች ሐሴት።

«ቱቱ! ቱቱ!» ባቡሩ ተነሣ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ፣ ነፋሱ ፊታችንን ዳበሰን፣ ናሆም ጀርባዬ ላይ እየፈነደቀ «ቱ! ቱ!» አለ።

ሐሴትና ትንሿ ልጅ ለሰው ሁሉ እጃቸውን አውለበለቡ። ለዛፎቹም፣ ለጋሪውም አውለበለቡ።

ከባቡሩ ወርደን ወደ መጫወቻው በር ስንመለስ ሐሴት ሳልጠይቃት ጋሪው ውስጥ ገባች። ፊቷንም አልሸፈነችም።

ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ቆሙ። «ምነው፣ አመማት?»

አፌ ሳይከፈት ሐሴት ቀደመችኝ። «አላመመኝም አባባ! ደክሞኝ ነው!»

«እንግዲያው እግዜር ያበርታሽ!» አሉ።

«አሜን!» አልን ሁለታችንም።

ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጠብኩላት። አልጋዋ ላይ ተንበርክካ ዐይኗን ጨፈነች።

«አምላኬ ሆይ፣ ስለ ባቡሩ አመሰግንሃለሁ። በእውነት ያመማቸውን ልጆች ማርልኝ። አሜን።»

ግንባሯን ሳምኳት። እግሮቿ ከብርድ ልብሱ ሥር ጸጥ ብለዋል፤ ዛሬ ብዙ ሠርተዋል።

ሰኞ ጠዋት ሐሴትን ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ናሆም ጀርባዬ ላይ፣ ቦርሳዋ ትከሻዬ ላይ፣ ከፊታችን ደግሞ ዳገት።

«እማዬ፣ እንቀመጥ?» አለችኝ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀና ብላ እያየችኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን «አይ፣ ቶሎ ቶሎ በይ» እላት ነበር። የዚያን ቀን ግን ቦርሳውን መሬት አስቀመጥኩና ከመንገዱ ዳር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐሴት ጠጋ አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።