የትኛው ይቀድማል?

«ሃያ ሁለት» አለች ሚጢጢ ለራሷ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንደገና ተጫነች። «ዘጠኝ።» ደግማ ተጫነች። «አስራ ሰባት! ኧረ ይሄ ነገር አብዷል!»

የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ሚጢጢ የሚለው የቤት ስም የወጣላት በሁለት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ አስራ አምስት ሞልቷት ከክፍሏ ልጆች ሁሉ በቁመት ብትበልጥም ስሙ አልለቃት ብሏል። ከምሳ በኋላ ከጓደኛዋ ጋር የቡድን ሥራቸውን ያቀርባሉ። ጥያቄው ሲሰጣቸው ቀላል ነበር የመሰላቸው። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አሬይ የሚባል፣ አንድ ሚሊዮን ቁጥር የተደረደረበት ዝርዝር አለ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየዞሩ ለመደመር «ፎር»፣ «ፎር ኦፍ» እና «ፎር ኢች» የሚባሉ ሦስት መንገዶች አሉ። የትኛው ይፈጥናል?

መልሱ ግድግዳው ላይ በትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ጓደኛዋ በሦስት ቀለም አሳምራ ጽፋዋለች፦ ፎር አምስት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ)፣ ፎር ኦፍ ዘጠኝ፣ ፎር ኢች አስራ ሁለት። ሚጢጢ ከማቅረባቸው በፊት አንዴ ልሞክረው ብላ ነው ጉዱን ያየችው፤ የፎር ጊዜ ብቻውን እንኳ በየሙከራው ይቀያየራል።

በሩ ተከፈተና ጓደኛዋ ራዲዮ ገባች። ራዲዮ ያሏት ወሬ ስለማያልቅባት ነው፤ ሰሞኑን ግን ድምጿ ጠፍቷል።

«ምነው ፊትሽ?»

«ቁጥሮችሽ አልመጣ አሉኝ። ፎርን መጀመሪያ ሳስሮጠው ይሸነፋል፤ መጨረሻ ሳደርገው ያሸንፋል። አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው የለካሽው?»

«በቤታችን ኮምፒውተር ነው አልኩሽ እኮ።»

«ስንቴ?»

ራዲዮ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «አልለካሁም።»

«ምን?»

«እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች። ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ነበርኩ። ፎር እንደሚቀድም ደግሞ ሁሉም ሰው ያወራል፤ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። እና... ጻፍኩት በቃ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሚጢጢ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት አዞረች። መምህሯ የፈጠራ ቁጥር ይዞ የመጣ ዜሮ እንደሚያገኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናግረዋል። ብትናገር ጓደኛዋን በቁስሏ ላይ መውጋት ነው። ዝም ብትል ደግሞ ውሸቱ የእሷም ሊሆን ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረችና ቁልፉን መታች፤ ደጋግማ መታችው። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አስራ ሁለት ቢመጣላት! አስራ አንድ፣ ስምንት፣ ስምንት አላት። ቀጥሎ ሰባት፣ ሃያ፣ ስድስት። ደወሉ ተደወለ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ተራቸው ሲደርስ ራዲዮ እንደ ድሮዋ ሆና አንበለበለችው። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ጎበዞች» አሉ መምህሯ ወረቀቱን ጠጋ ብለው እያዩ። «ስንት ስንት ጊዜ ለክታችሁ ነው?»

ራዲዮ ሚጢጢን አየቻት። ሚጢጢ ወለሉን አየች። ወለሉ ምንም አላላትም።

«አልለካንም፣ ቲቸር» አለች በቀጭን ድምፅ። «ቁጥሮቹን ዝም ብለን ነው የጻፍናቸው። ዛሬ አርባ ጊዜ ያህል ብሞክር ደግሞ አሸናፊ አላገኘሁም። የሦስቱ መንገዶች ተራ ሲቀየር አሸናፊውም ይቀየራል።»

መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መጀመሪያ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ ኮምፒውተሩ ገና አልተሟሟቀም። ይህንኑ ጽፋችሁ ብታመጡልኝ ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበር» አሉና ተነፈሱ። «አሁን ግን ቃሌን አላጥፍም። ለሁለታችሁም ዜሮ ነው።»

ሚጢጢ ስለ ሆስፒታሉ ልትናገር ፈለገች። ራዲዮ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። ሚጢጢም ዋጠችው።

ከክፍል ሲወጡ ራዲዮ ወረቀቱን ከግድግዳው ልጣ አጣጠፈችው።

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?» አለች።

«አልቻልኩም።»

«እኔስ የቻልኩ ይመስልሻል?»

ጥላት ሄደች። ሚጢጢ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በሩቁ ተከተለቻት። ይቅርታ ልትላት አሰበች፤ ግን ይቅርታው ስለየቱ እንደሚሆን ራሷም አላወቀችውም። የራዲዮን እናት ማዳን አትችልም። ዜሮውን ማጥፋትም አትችልም።

ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። የሚጢጢ ቤት በሌላ አቅጣጫ ነው። ራዲዮ በፊተኛው በር ገባችና መስኮት ዳር ተቀመጠች። ሚጢጢ አንድ እግሯን አንስታ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ በኋለኛው በር ገባች።

ራዲዮ ዞር ብላ አየቻት፤ ቦርሳዋን ግን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አላነሳችም። ሚጢጢ ብረቱን ይዛ ቆመች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።