በአምስት ሰዓት የሚነሳው አውሮፕላን

አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ የተኙ መስሏት «አባባ፣ እግርዎን አንዴ ያንሱልኝ» አለቻቸው። ዝም ሲሏት ትከሻቸውን ነካ አደረገች፤ ጩኸቷ ከማረፊያ ክፍሉ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው።

የአየር ማረፊያው ፖሊስ መርማሪ ወዲያው ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሰው ያወራውን ሁሉ አሳልፋ ቁም ነገሩን ስለምታስቀር። ሐኪሙ ሟቹ ሻይ የጠጡበትን የወረቀት ኩባያ አዘንብሎ አተላውን አሳያት።

«የልብ መድኃኒት ነው። አንዷ ፍሬ በደንብ ስላልተፈጨች ማኅተሟ ይነበባል። የጠጡት አንድ ሰዓት ገደማ ይመስለኛል።»

«ሲጠጡት አልመረራቸውም?»

«ስድስት የስኳር ወረቀት ተቀዶ ወድቋል።»

በክፍሉ ያደሩት አራት መንገደኞች ነበሩ። አውሮፕላናቸው በጭጋግ ምክንያት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ በመድረሱ ቀጣዩ በረራ አምልጧቸዋል። አንደኛው ሟቹ ናቸው፤ ሌሎቹ የወንድማቸው ልጅ፣ አንዲት ፋርማሲስትና አንዲት ልብስ ሰፊ። ጥበቃው የጽዳት ሠራተኛዋ እስክትመጣ ድረስ ከአራቱ ሌላ ማንም እንዳልገባ ማለ። ማን መቼ እንደወጣና እንደገባ ግን ልብ አላለም።

ወንፊት ከወንድም ልጅ ጀመረች። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ቲኬት መስኮቱ ጋ ተሰልፌ ነበር» አለ። «አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ የመሳፈሪያ በር ኃላፊ ነበሩ። ትናንትም ስለ ሥራቸው ሲያወሩልን ነው ያመሹት።»

«ትስማሙ ነበር?»

«ከሳቸው ጋር የሚስማማ ሰው የለም። ግን አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ለመሆኑ መቼ ትነሳላችሁ አሏችሁ?»

«ምን አውቄ! መስኮቱ ላይ ያለችውም አታውቅም።»

ፋርማሲስቷ ገና ሳትጠየቅ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ይኸው፣ ይፈተሽ! መድኃኒት ሲባል ሁሉም ወደኔ እንደሚያይ አውቃለሁ። አዎ፣ ትናንት ሽማግሌው ቻርጀሬን ነቅሎ የራሱን ሰካና ተሰዳደብን። ለቻርጀር ሰው ይገደላል?»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ታች፣ የጠፋ ሻንጣዬን ፍለጋ። ይልቅ መቼ እንደምንሄድ የሚነግረኝ ሰው አገናኙኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ውጭ፣ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወደዚህ አልመጣሁም። የቀሰቀሰኝ የልጅቷ ጩኸት ነው።»

«እንግዲህ መንገዳችሁም ተስተጓጎለ።»

«ምን ይደረጋል እህቴ። በአምስት ሰዓት ይነሳል ማለታቸውም ቀረ። እነሱ ያሉት መቼ ሆኖ ያውቃል?»

ወንፊት ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የበረራ ሰሌዳ አየች። «ተራዝሟል» ይላል፤ ሰዓት የለውም። ሰሌዳውን ወደሚቆጣጠሩት ሠራተኞች ቢሮ ሄደች፤ ስትመለስ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሦስታችሁንም ስለምትሄዱበት ሰዓት አነጋግሬያችኋለሁ» አለች። «ሁለታችሁ አታውቁም። እርስዎ ግን አምስት ሰዓት አሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አልተንቀሳቀሰችም። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናላ።»

«ከማን? ዛሬ ልክ አንድ ሰዓት ላይ አንዷ ሠራተኛ ተሳስታ አምስት ሰዓት ብላ ጻፈች። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋችው። የወጣው እዚህ ክፍል ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ሰልፍ ላይ እንደነበር የመስኮቷ ሠራተኛ አረጋግጣለች። ፋርማሲስቷ በዚያው ሰዓት የሻንጣ ቅጽ ላይ ፈርማለች። ያዩት ሟቹና ሻዩን ያመጣላቸው ሰው ብቻ ናቸው።»

ከዚያም እጇን ዘረጋች። «ቦርሳዎን ይስጡኝ።»

ሴትየዋ አልተከራከረችም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ራሷ አውጥታ አቀበለች። ፋርማሲስቷ ጠጋ ብላ ጽሑፉን አነበበች።

«ከሦስት ቀን በፊት የተገዛ፣ ሠላሳ ፍሬ፣ በቀን አንድ።» ቆጠረችና ድምፅዋ ወረደ። «አራት ነው የቀረው።»

«ለምን?» አለ ወጣቱ። «አጎቴን የት ያውቋቸዋል?»

«እሱ አላወቀኝም እንጂ እኔስ አውቀዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ለኩላሊት ሕክምና ይዤ ስሄድ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘገየብን። ተሸክሜው ሮጥኩ። ስደርስ በሩ ሊዘጋ ገና ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ አውሮፕላኑም እዚያው ቆሟል። እሱ ግን በሩን ዘግቶ ኮቱን ይለብሳል። መስታወቱን በጫማዬ ደበደብኩ። ዞሮ አይቶኝ ሄደ። ሌላ በረራ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጄ በሁለተኛው ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እቅፌ ውስጥ አለቀ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«በአጋጣሚ ነው የተገናኘነው። ትናንት ላልፈው ነበር። ዛሬ ጠዋት ብቻችንን ስንሆን እየሳቀ ያጫውተኝ ጀመር። አንዲት እብድ ሴት መስታወቱን በጫማ ስትደበድብ! ‹ሰዓቱ ደርሶ ነበር ወይ?› አልኩት። ‹ኧረ አልደረሰም፤ የቤተሰብ ምርቃት ነበረብኝ፣ ቸኩዬ ነው› አለኝ። ‹ልጁስ ምን ሆነ?› አልኩት። ‹እኔ ምን አገባኝ› አለ። ‹ሻይ ላምጣልዎት?› አልኩት። ስኳር አብዢልኝ አለኝ።»

ወጣቱ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

«የኔ ምርቃት ነበር» አለ። «ስሜ ሲጠራ ልክ ደረሱ። አዳራሹ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበላቸው... አባት ስለሌለኝ።»

ወንፊት የሴትየዋን ክንድ ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልተነሳችም። የወጣቱን ፊት ስታይ ቆየች። ለአፍታ የምታዝንለት መስላ ነበር።

«ያን ጭብጨባ እስክትሞት አትርሳው» አለችው።

ከዚያ ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለችና ከመርማሪዋ ቀድማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።