ከበሩ እስከ ጠረጴዛው

ልብስ ሰፊዋ ሰው መቆጣት አይሆንላትም፤ የዚያን ዕለት ግን ሆነላት። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ አዲስ ሹፌር አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍዶ ደጇ ላይ ሲደርስ፣ ከመኪናው እስኪወርድ እንኳ አልታገሠችውም።

«ልጄ መናገር አትችልም። ምን እንደገጠማት ማን ይንገረኝ? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ።»

«ልክ ነሽ፣ እህቴ። ይቅርታ» አላት፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሚጡን አውርዶ ሄደ።

እውነቱን በማግስቱ ከሚጡ መምህር ሰማች። የሰባት ዓመቷ ሚጡ ኦቲዝም አለባት፤ የለመደችው መንገድ ከተቀየረ ሰማይ ምድሩ ይዞርባታል። ሹፌሩ ሌሎቹን ልጆች አድርሶ እሷ ብቻ ስትቀር፣ ፋርማሲው ጋ ወደ ቀኝ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ግራ ታጠፈ። ልጅቷ ጮኸች፤ እጇን ነከሰች። ጨነቀውና ለመምህሯ ደወለ። ከዚያም እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተመልሶ ጉዞውን ሀ ብሎ ጀመረ፤ ልጆቹ ቀድመው በወረዱባቸው ቤቶች ሁሉ እየቆመ፣ ማንም ባይወርድም የመኪናውን በር እየከፈተና እየዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ አፈረች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ከሰዓት ሲመጣ።

«ልጇ ከዘገየባት እናት ጋ ምን ብዬ ልከራከር?»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት።

ውሎ አድሮ ነገሩ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ፍቅር ሆነ። የሹፌሩ ታላቅ እህት አልወደደችውም።

«ሌላ ሴት ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም። አልፈለግኩም» አላት።

እንጋባ ያላት ጊዜ ግን ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። የሚጡ አባት ነገሩ ሲከብደው ጥሏቸው ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ሚጡ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አታስጠጋም።

«እወድሃለሁ። እሷ ካልተቀበለችህ ግን ይቅርብኝ» አለችው።

መምህሯ መላ ዘየደች። «በሳምንት አንድ እርምጃ፤ ያውም እሷ ስትፈቅድ» አለቻቸው።

ሹፌሩ እሑድ እሑድ እየመጣ ደጃፉ ላይ ለአሥር ደቂቃ ይቆም ጀመር። ጎረቤቷ «ዘበኛ ቀጠርሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። አንድ እሑድ ጓጉቶ ሁለት እርምጃ ቢራመድ ሚጡ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ወደ በሩ ተመልሶ እንደ አዲስ ጀመረ። ሚጡ የእናቷን አዝራሮች በየቀለማቸው እስከምትደረድርበት ጠረጴዛ ለመድረስ አራት ወር ፈጀበት። ደርሶም ሳይናገር ይቀመጥ ነበር።

አንድ እሑድ ሚጡ አዝራሮቿን ትታ ተነሣች። የሆነ ነገር ስትፈልግ የእናቷን እጅ ጎትታ የፈለገችው ነገር ላይ ታሳርፋለች፤ የእናቷን ብቻ፣ የመምህሯን እንኳ አትይዝም። እናት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ እንደልማዷ እጇን ዘረጋች።

ሚጡ አለፈቻት። የሹፌሩን እጅ ያዘች፤ ፊቱን ሳታይ ጎትታ ወሰደችና መዳፉን ቧንቧው ላይ አደረገችው።

መተንፈስ ፈራ። «ምን ላድርግ?» አለ በሹክሹክታ።

«ውኃ ጠምቷት ነው። ቅዳላት» አለችው እናቷ። የተዘረጋ ባዶ እጇን አየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ እጅ ተተኪ አልነበረውም። «ተመስገን» አለች ጮክ ብላ፤ እንባዋን ለመጥረግም አልሞከረችም።

ሚጡ ጠጣች።

«እሺ» አለችው እናት።

«ምኑን?»

«የጠየቅከኝን ነዋ።»

ሹፌሩ መልስ ሊሰጣት ዞር አለ፤ ሚጡ ግን እጁን መልሳ ቧንቧው ላይ አደረገችው። ገና አልረካችም።