የኦቦ ቢቂላ እንባ

«ወላሂ በይ!» አለ ኢምራን። «እውነት ለመሬታቸው ብለው ነው ያለቀሱት?»

«ታስምለኛለህ እንዴ? ሂድ ወደዚያ!» አለች ሀጀር። የክፍል ጓደኛዋ ኢምራን ሳቀ። እሷ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ሀጀር ያነሳችው ፎቶ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። የጓደኛዋ የሰኚ አያት፣ የእርሻ መሬታቸው ለከተማው ማስፋፊያ የተወሰደባቸው ኦቦ ቢቂላ፣ ጉንጫቸው ላይ አንዲት እንባ ስታበራ ይታያሉ። የፎቶ ክበቡ ኃላፊ መምህር ተስፉ ከሥሩ «ለመሬቱ ያለቀሰ አባት» ብለው በትልቁ ጽፈውበታል። ነገ ወላጆች ለኤግዚቢሽኑ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

«ሀጁ፣ ቀወጥሽው እኮ!» ይሏታል ልጆቹ፣ በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር።

ቅዳሜ ዕለት ለሚ ኩራ፣ እነሰኚ ግቢ፣ ነገሩ ሌላ ነበር። ኦቦ ቢቂላ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ዓይናቸውን አጨልሞታል። ሀጀር አባቷ የሚኒባሱን የፊት መስታወት ከፀሐይ የሚሸፍንበትን ብርማ ልባስ ይዛ መጥታለች። ለፎቶ ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ሪፍሌክተር መግዛት ስለማትችል በሱ ነው የምትሠራው። ሰኚ ራቅ ብላ ስትይዘው ብርሃኑ ከባርኔጣው ሥር ቀስ ብሎ ገባ፤ የሽማግሌው ፊት ፈካ። ያኔ ሲስቁ አንድ ፎቶ አነሳቻቸው። በዚያ ብታበቃ ጥሩ ነበር።

«ጠጋ አድርጊው። ዝቅ። ወደ ዓይናቸው» አለች።

«አይበዛም?»

«ያዢው ባክሽ!»

የኦቦ ቢቂላ አንድ ዓይን ሞራው ከተገፈፈ ገና ብዙ አልቆየም። ሀጀርም ታውቃለች። እሳቸው ግን «እንዳይንቀሳቀሱ» ተብለዋልና አልተንቀሳቀሱም፤ እንግዳ የጠየቃቸውን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ዓይናቸው ተርገበገበ። እንባው ዱብ ሲል ሀጀር የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

«ፀሐይዋን አውርዳችሁ ጭኔ ላይ አስቀመጣችኋት እኮ!» ብለው ሳቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሰኞ መምህር ተስፉ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ስለ መሬታቸው ሲያወሩ ነው?» ብለው ሲጠይቋት «አዎ» አለች።

አሁን ሰኚ ከኋላዋ ቆማለች። ጽሑፉን ገና ማንበቧ ነው።

«ልባሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓይናቸውን የወጋሁት እኔ ነኝ።»

«ሰኚዬ፣ ቲቸር ናቸው እኮ የጠየቁኝ። እኔ አዎ ብቻ ነው ያልኩት።»

«አያቴ አካኮ፣ ሚስታቸው የሞተች ቀን እንኳ ፊታቸውን ሸፍነው ነው ያለቀሱት። ማንም አላየም። ደግሞ ‹ነገ ፎቶዬን ለማየት እሄዳለሁ› ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረዋል።»

ሀጀርን ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ሀጀር መምህራን ማረፊያ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ እንደገና ሄደች።

«ቲቸር፣ እሳቸው አላለቀሱም» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ዓይናቸውን እንደሚያማቸው እያወቅኩ ብርሃኑን አስጠግቼባቸው ነው።»

መምህር ተስፉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፎቶው ግን ግሩም ነው» አሉ። «ጽሑፉን ብቻ ብናነሳውስ? ሰው የመሰለውን ያስብ።»

ለአፍታ ልቧ ቀለል አለ። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። ፎቶውም እዚያው መግቢያው ላይ ይቀመጥላታል። ወዲያው ግን ኦቦ ቢቂላ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆመው የራሳቸውን እንባ ሲያዩ ታዩዋት።

«አይ ቲቸር። ላውርደው።»

«በሱ ፈንታ ምን ይሰቀላል?»

«የሳቁበት አለ። ግን መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቃቸው።»

ሀጀር ፎቶውን ካወረደች በኋላ ከሰኚ ጋር ከሳሊተ ምሕረት ወደ እነሰኚ ቤት ታክሲ ያዙ። ሰኚ መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። የተቀመጠችው ግን ሀጀር አጠገብ ነው።

ኦቦ ቢቂላ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሊነሱ ሞከሩ። «ዛሬ ነው እንዴ? እኔ እኮ ነገ መስሎኝ! ቆዩ፣ ልብሴን ልቀይር።»

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለች ሀጀር። ፎቶውን ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ አቅፋዋለች። «መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለ።»

ከዚያ ፎቶውን ገልብጣ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።