የሰንበት ሳጥን

«ሰንበትን አላፈርስም ብለው ነው የሞቱት። የአስም ፓፋቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ።»

ኢንስፔክተር ሻሺቱ ይህን ወሬ እሁድ ጠዋት ከጣቢያ ተነስታ ሴቻ ሰፈር እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ሰማችው፤ አንዴ ከተረኛው መዝጋቢ፣ አንዴ ከባጃጁ ሹፌር፣ አንዴ ደግሞ የሟች አከራይ ከሆኑት ከወይዘሮ ወሰንየለሽ። ሦስቱም ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር የተናገሩት። ያናደዳትም ይኸው ነው። ብቻውን የሞተ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅም፤ ይህ ሰፈር ግን ያውቃል፣ ያውም ሳይደናቀፍ።

ሟቹ መምህር ይበልጣል ናቸው። ከጎንደር ገጠር የመጡ ቤተ እስራኤል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ዘመዶቻቸው ተራ በተራ ኢየሩሳሌም ሲገቡ እሳቸው የአባያ ሐይቅ ቁልቁል በሚታይባት በዚህች አንድ ክፍል ቤት ቀሩ። አስም ነበረባቸው። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ተዘርረው ተገኙ። ሬሳው ማታውኑ ሆስፒታል ሲሄድ ፖሊስ ምንም ሳይነካ ክፍሉን አሽጎ አደረ።

ሻሺቱ ማሸጊያውን ቀድዳ ገባች።

አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ። ጥግ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። የክዳኑ ቀለም በጥፍር ተፋፍቋል። ቁልፉን ፈልጋ ያገኘችው ከመደርደሪያው አናት ላይ ነው፤ የቆመ ሰው እንጂ ወለል ላይ የወደቀ አይደርስበትም።

«ይቺ የሰንበት ሳጥናቸው ናት፣» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከደጃፍ ሆነው። «ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ስልካቸውን፣ እስክሪብቷቸውን፣ ክብሪቱን፣ ብሩን፣ በሰንበት የማይነካውን ሁሉ ይከቱባታል። እጄ ልማደኛ ነው፣ ካልቆለፍኩበት ይሰርቀኛል ይሉ ነበር።»

ሻሺቱ በሁለት ምስክሮች ፊት ከፈተችው። ስልክ፣ እስክሪብቶ፣ ክብሪት፣ ሦስት መቶ ብር። ከሁሉም ሥር ሰማያዊ የአስም ፓፍ።

«አላልኩም?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ብለዋል።»

ፓፉን በጓንት አነሳችው። የአፉ ክዳን የለም። ሩብ ሰዓት በጉልበቷ ስትሄድ ቆይታ ክዳኑን ጠረጴዛው ሥር፣ ከወንበሩ እግር አጠገብ አገኘችው።

ከዚያ ወደ ማብሰያው ዞረች። የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ቆርቆሮ ተነጥፏል፤ ቆርቆሮው ላይ ድስት አለ፤ ድስቱ ውስጥ የቦሎቄ ወጥ። ላዩ ቀዝቅዞ ረግቷል፤ ሥሩ ግን በማንኪያ ስትነካው እንደ ቅርፊት ተሰነጠቀ። ሶኬቱ ተነቅሏል።

«ይህን ማን ነቀለው?»

«እኔ እግሬን አላስገባሁም። ያለቀስኩትም ከዚሁ ከደጃፍ ሆኜ ነው።» ወይዘሮ ወሰንየለሽ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ክፉ ሰው ከፈለግሽ ያን ዓሣ ሻጭ ጠይቂው፤ ኤርጫፎን። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ግቢ ውስጥ ተጯጩኸዋል።»

ስልኳ ጮኸ፤ ኮማንደር ሀብተሚካኤል ነበሩ።

«ሻሺቱ፣ ሐኪሙ አስም ነው ብሏል። በእነሱ ሕግ ሬሳ አይቆይም አሉ፤ እህታቸው ከጎንደር እየመጡ ነው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልዘጋሽው እኔ እዘጋዋለሁ።»

«ሳጥኑን በጥፍራቸው ቧጥጠዋል፣ ጌታዬ።»

«ሲብስባቸው ተጸጽተው ይሆናላ።»

እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ መምህሩ በገዛ ጽናታቸው የሞቱ ሰው ተብለው ይቀበራሉ፤ ገዳይ ካለም እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መደርደሪያው ላይ የተማሪ ደብተር ነበር። መምህር ይበልጣል በስተርጅና ኢየሩሳሌም ላለ አንድ ረቢ በስልክ ጥያቄ እያቀረቡ፣ መልሱን በዚያ በቀጥተኛ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው ይመዘግቡ ነበር። ሻሺቱ ወንበሩን ሳበችና አነበበች።

«ጥያቄ፦ የኩልፎ ሙዝ ስበላ የዛፍ ፍሬ ብዬ ልባርክ ወይስ የምድር? መልስ፦ የምድር። ግንዱ በየዓመቱ ስለሚሞት ዛፍ አይባልም።»

«ጥያቄ፦ መብራት በሰንበት ጠፍቶ በራሱ ቢመጣ በብርሃኑ ላነብ እችላለሁ? መልስ፦ አንተ እስካልነካኸው አንብብ።»

«ጥያቄ፦ አባቶቻችን በሰንበት እሳት ከቤት አያሳድሩም ነበር። እኔ ምድጃ ለኩሼ ባሳድር? መልስ፦ ዓርብ ከተለኮሰ ይደር። እስከ ቅዳሜ ማታ ግን አታጥፋው።»

«ጥያቄ፦ አስሜ በሰንበት ቢነሳብኝስ? መልስ፦ ነፍስ ከሰንበት ትቀድማለች። ፓፍህ ከአጠገብህ አይራቅ። ሲያስፈልግህ ውሰድ፤ ለመጠየቅም አትቆይ።»

ይህችኛዋ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ሻሺቱ የሰፈሩን ወሬ አስታወሰችና ደብተሩን ሳትዘጋ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠች።

«ጥያቄ፦ ለምወደው ልጅ የማላውቀውን ልመስክርለት? መልስ፦ አይሆንም። ከጠየቁህ አላውቅም በል።»

ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ሸሚዙን ከአንገትጌው በሐዘን የቀደደ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ተስፋጽዮን ይባላል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጓል። ሟች አባቱ የመምህሩ የልብ ወዳጅ ነበር። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ዓርብ ጠዋት ካምባ ከተማ ሄድኩ፤ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ፣ አየኋቸው፣ እትዬ ወሰንየለሽን ጠራሁ።»

«ሌላ ነገር ነካህ?»

«ምንም። ሰንበት ነበር።»

«ሕጉን ታውቃለህ ማለት ነው።»

«ከጋሼ ይበልጣል አይደለም፤ ከአባቴ ነው የተማርኩት። እኛ ቤት በሰንበት እሳት አይታይም፣ ቀዝቃዛ ነው የምንበላ። ቢያመንም እስኪመሽ እንችላለን። እሳቸው በቅርብ ጊዜ ከስልክ ሕግ መቃረም ጀምረው ነበር እንጂ፣ የድሮውን ሰው ቢያዩት...» ትከሻውን ነቀነቀ።

«ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ አመልክተሃል አሉ።»

«ማመልከቻዬን የሚያየው የጎንደር ኮሚቴ ዛሬ ወይ ነገ ይደውልላቸው ነበር። በሕጉ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ዘር ነው፤ አባቴን ሁሉም ያውቀዋል፣ እናቴን ግን አውቃለሁ ሊል የሚችል እሳቸው ብቻ ነበሩ የቀሩት።»

«እና ምን ይሏቸው ነበር?»

«ያውቋታል። ይመሰክሩልኝ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «አሁን አባቴ ስለ እናቴ ጽፎ የተወውን ቃል ብቻ ያያሉ። ሌላ የሚጠየቅ የለም።»

ሻሺቱ ደብተሩን በብብቷ ይዛ ነበር። ይዛው ወደ ሐይቁ ወረደች።

ኤርጫፎን አባያ ዳር፣ ከታንኳው አጠገብ መረብ ሲጠግን አገኘችው። የጋሞ ሰው ነው፤ አማርኛው ገበያ ላይ የተማረው ነው፤ ቀና ብሎም አላያትም።

«እኔ ዓሣ ነው የምሸጥ። ሰው አልገድልም።»

«ገደልክ አላልኩም። ለምን ተጣላችሁ?»

«አምባዛ ሰጥቼው ነዋ። ባለቅርፊቱ ቆሮሶ አልቆ ነበር፤ ቆዳውን ገፍፌ ቆሮሶ ነው አልኩት። ማን ያውቃል ብዬ። እሱ ግን ቅርፊት ያለበት ቆዳ ካላየ አይበላም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለእነሱ ክልክል ነው። ስንት ዓመት ደንበኛዬ ነው፣ አታለልከኝ ብሎ እንደ ተማሪ ገሠጸኝ።» መረቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እውነቱን ነው።»

«ከዚያ ወዲህ አላየኸውም?»

መረቡን መጠገኑን ቀጠለ።

«ኤርጫፎ፣ አንተ ዝም ስትል ሴቻ ሙሉ እየተናገረልህ ነው።»

«ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ትልቅ ቆሮሶ፣ ከነቅርፊቱ፤ ይቅርታ ልለው። ዛሬ ሰንበት ነው፣ አልቀበልህም፣ እሁድ አምጣው አለኝ። ግን ሳቀ። ዳገቱ ድረስ ሸኘኝ፣ ሲመለስ ሳል ያዘው። በሩ ላይ ቆሞ ያቺን ሰማያዊ ነገር ሁለቴ ወደ አፉ ነፋና ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ዞሬ በክፍቱ በር አየሁት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ እንድትሉኝ ነው?»

ሰኞ ጠዋት ሻሺቱ ሦስቱን በመምህሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ኤርጫፎ በሩ ሥር እየተቁነጠነጠ፣ ተስፋጽዮን በመምህሩ ወንበር ላይ። ኮማንደር ሀብተሚካኤል ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«መምህር ይበልጣል ሰንበትን አላፈርስም ብለው አልሞቱም፣» ብላ ጀመረች። «ፓፉን መውሰድ ሰንበትን እንደማያፈርስ ያውቃሉ፤ ጠይቀው ጽፈውታል፣ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይም ወስደዋል፤ ኤርጫፎ አይቷል። ስለዚህ ፓፉ ዓርብ ሳጥን ውስጥ አልገባም።»

«ሽማግሌ ነው፣ በኋላ ሐሳቡን ለውጦስ?» አሉ ኮማንደሩ።

«መድኃኒቱን አስቦበት የሚያስቀምጥ ሰው ክዳኑን ይገጥማል። ክዳኑ ከወንበሩ ሥር ነበር። ሰውየው ሊወስዱት ከፍተውት እያለ ነው ከእጃቸው የሄደው። ከዚያ ተቆለፈበት፤ ቁልፉም የማይደርሱበት ቦታ ተሰቀለ። ጥፍራቸው ሳጥኑ ላይ የቀረው ለዚህ ነው።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ይህን ያደረገው ማነው? ምድጃውን እዩት። ዓርብ ተለኩሶ አድሯል፤ የወጡ ሥር እስኪደርቅ ሠርቷል። ሶኬቱን የነቀሉት መምህሩ አይደሉም፤ በሰንበት ማጥፋት እንደማይፈቀድ እዚሁ ተጽፏል። ሌባ ምድጃ አጥፍቶ አይሄድም። ኤርጫፎም የእነሱ ሰንበት ቤት ምን መምሰል እንዳለበት አያውቅም። የነቀለው ሰው ቤቱን የጥብቅ ሰው ቤት ሊያስመስል ፈልጓል። እሳት በሌለበት፣ ታሞ እስኪመሽ በሚቻልበት ቤት ያደገ ሰው ነው። የሚያውቀው የአባቱን ሰንበት ነው እንጂ የመምህሩን አይደለም።»



«ይህ ግምት ነው፣» አለ ተስፋጽዮን።

«እሺ፣ ግምት ይሁን። እትዬ ወሰንየለሽ፣ ፓፉን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ሞቱ የሚለውን ከማን ሰሙ?»

«እኔ? ከእሱው ነዋ። ከልጁ። ቅዳሜ ሬሳው ሳይነሳ እያለቀሰ ነገረኝ። እኔም ለሰፈሩ...» ንግግራቸው መሐል ላይ ቆመ።

«ሳጥኑን የከፈትኩት እሁድ ጠዋት ነው፣» አለች ሻሺቱ። «ቅዳሜ ማታ ተቆልፎ፣ ክፍሉም ታሽጎ አድሯል። ተስፋጽዮን ሟችን ከሐሙስ ወዲህ አላየሁም፣ በሰንበት ከካምባ መጥቼም ምንም አልነካሁም ብሎኛል። ታዲያ ውስጡ ያለውን በምን አወቅህ?»

ኮማንደር ሀብተሚካኤል ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

ወጣቱ የተቀደደ አንገትጌውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ።

«ካምባ አልሄድኩም፣» አለ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ለመንኳቸው። አንድ ቃል ነው ያልኳቸው፤ እናቱን አውቃታለሁ ይበሉ። አላውቅም እላቸዋለሁ አሉኝ። እያለቀሱ ነው ያሉኝ። ከዚያ ሳል ጀመራቸው፣ ፓፉን ከፈቱ፣ እኔ ወሰድኩት።»

«ሳጥኑን ሲቧጥጡስ?»

«መስኮቱ ጋ ዞሬ ነበር። ሐይቁን አይ ነበር። ረጅም ጊዜ ፈጀ።»

ኤርጫፎ በጋሞኛ የሆነ ነገር አለና ወደ ውጭ ወጣ።

መምህር ይበልጣል ማክሰኞ ተቀበሩ። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው በከተማው ስላልነበረ ከጎንደር የመጡት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሚያስታውሱትን ጸሎት ብቻቸውን አደረሱ። ሲጨርሱ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉና ሻሺቱን ወደ ዳር ጠሯት።

«ተስፋጽዮን የሚባለው ልጅ የቱ ነው፣ ልጄ?»

«እዚህ የለም፣ እማማ። ለምን ፈለጉት?»

ሴትዮዋ የሆነውን ገና አልሰሙም ነበር፤ የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም። ከደረታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«ወንድሜ ከሁለት ወር በፊት ደውሎ፣ የዚህን ልጅ የእናቱን ዘር ፈልጊልኝ፣ ለእሱ ግን ካልተገኘ እንዳይሰበር አልነግረውም አለኝ። ሦስት ቀበሌ በእግሬ ዞርኩ። የእናቱ እናት ከእኛው ናት፤ ስሟን ለውጣ ነው ያገባችው። ሁለት ሽማግሌዎች ያውቋታል፤ ፈርመዋል።»

ሻሺቱ ወረቀቱን ተቀበለች። ሁለት የጣት አሻራ፣ ሁለት ፊርማ፣ የቀበሌ ማኅተም።

«መቼ ነው የፈረሙልዎ?»

«ዓርብ ከሰዓት። ቤቴ ስገባ ጀንበር ጠልቃ ነበርና ስልክ አልነካሁም።»