የከሊፋ ሁለተኛ ላም

«የማረቆ ነው?»

«የለም፤ የአላባ ነው።»

ምልክቱ ተሟላ። ሁለቱ ሰዎች እንደማይተዋወቁ ሆነው ሰበታ ገበያ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎን ለጎን ቁጢጥ አሉ። አንዱ ዛላ አንስቶ ያሸታል። ሌላው ዋጋ ይከራከራል። በመካከላቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዘንቢሎች ተቀምጠዋል።

ወፍራሙ ሰውዬ ጌታቸው ነው፤ የጸጥታ ክፍል ሹም። በሥራ ስሙ «አበልጅ» ይባላል። ሽበት የጀመረው ቀጭኑ ደግሞ የእሱ ሰላይ ነው። ክፍሉ «ሙጫ» ይለዋል፤ ከያዘው ሰው አይላቀቅምና። ቡራዩ ላይ ግን አትክልት በሚል ስም ነው የሚኖረው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር። በዚያ ስም ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆነው።

«በጋዜጣ የተጠቀለለ ፖስታ አለ» አለ አበልጅ ዓይኑን ከበርበሬው ሳይነቅል። «ወረቀቱን ከውስጡ አውጥተህ ከመምህሩ ከኢተፋ መጻሕፍት መሃል ትከተዋለህ።»

«ምንድን ነው?»

«ማጥመጃ ነው። ካስተማረበት ሌባ ነው፤ ካቃጠለው ንጹሕ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ። ነገ አሥር ሰዓት ላይ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለህ ጠብቅ።»

ሙጫ የሌላውን ዘንቢል አንጠልጥሎ ተነሳ። ጉልበቱ ጮኸ። ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማና ወደ ጨው ተራ ታጠፈ። ኮቴው ተከተለው። ቆመ። ኮቴውም ቆመ።

ዞሮ አየ።

በግ የሚጎትት ገበሬ ነው። በጉ አልሄድም ብሎ ነው የቆመው።

ድሮ እንዲህ ሲሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን ድካም ብቻ ተሰማው። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ዘንቢሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሰላይ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ወገቡ ነው፤ ለጠላት ሳይሆን ለአውቶቡስ ወንበር ይሸጠዋል።

የተሰማራበት ዘመቻ «ወንፊት» ይባላል። አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ የድልድይና ጎርፍ ጽሕፈት ቤት፣ ጸሐፊዎች የሚቀጥረው በፈተና ነው። ፈተናውን ያመጣው ፈረንጅ አማካሪ ነው፤ «የቃል ማመዛዘን» ይሉታል። አጭር ንባብ ይሰጣል። ከሥሩ ዓረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ። ተፈታኙ እያንዳንዱን «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «ከንባቡ አይታወቅም» ይላል። በቃ። ባለፈው ዓመት፣ በ1963፣ ቡራዩ ውስጥ ኦቦ ኢተፋ የሚባሉ የቀድሞ መምህር ያዘጋጇቸው ልጆች አብዛኛውን ቦታ ጠራርገው ወሰዱ። የበላዮቹ ተቆጡ። የጭሰኛ ልጅ እንዲህ ካለፈማ ፈተናው ተሰርቋል ማለት ነው አሉ። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ያሰበ አልነበረም። ሙጫም ተማሪ መስሎ ገብቶ ፈተናውን የሚያወጣውን ሰው እንዲያገኝ ተላከ።

ገባ። ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በተቀመጠ ቁጥር ያገኘው ግን ጠመኔና ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

«ከሊፋ ሱሉልታ ሄዶ ሁለት ላሞች ገዛ» ብለው ይጽፋሉ ኦቦ ኢተፋ። «አንዷ ጥቁር ናት። እሺ፣ ሁለተኛዋ ጥቁር አይደለችም። እውነት ወይስ ሐሰት?»

«እውነት» አለች ደጊቱ። ጠርሙስ አጣቢ ናት፤ እጇ ሁልጊዜ የተሸበሸበ ነው። «ጥቁር ብትሆንማ ኦቦ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው ይባል ነበር።»

«እሷ ያንቺ ላም ናት እንጂ የከሊፋ አይደለችም። ንባቡ ስለ ሁለተኛዋ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አይታወቅም። የተባለውን ያዙ። ከራሳችሁ አትጨምሩ።»

ከሁሉ የሚሳሳተው ሙጫ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው መጨመር ነው። ሁለት ሰዎች ሻይ ሲጠጡ ካየ ሦስተኛ ሰው ፈጥሮ ዘገባ ያቀርባል። ደጊቱ ትስቅበት ነበር። «ጋሽ አትክልት፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ላም አረባህ?» ትለዋለች። እሷ ለቀልድ ጊዜ አልነበራትም እኮ። መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የዕድሜ ገደብ ዘንድሮ ያልፍባታል። ቅዳሜ ካልተፈተነች ጠርሙስ ስታጥብ መኖሯ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አውቶቡሱ ላይ የአበልጅን ቃል እንደ ንባብ አነበበው።

ካስተማረበት ሌባ ነው። ካቃጠለው ንጹሕ ነው። ነገ ፖሊስ ይመጣል።

ታዲያ ሽማግሌው መምህር መቼ ሊያስተምርበት? መቼስ ሊያቃጥለው?

ወረቀቱ የውሸት ነው። ይሄን ማን አለ? አበልጅ አላለም። ማጥመጃ ሲባል የውሸት ፈተና ነው ብሎ የጨመረው ራሱ ሙጫ ነው።

ቡራዩ የተከራያት ክፍል ገብቶ ጋዜጣውን ፈታ። ቡናማ ፖስታ። በላዩ የጸጥታ ክፍሉ ቀይ የሰም ማኅተም። የፈተናውን ሣጥን የሚጠብቀው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የጌታቸው ክፍል።

እውነተኛው ፈተና ነው።

ሲፈልገው የከረመው ሌባ የገዛ አለቃው ነበር፤ ወረቀቱ ኢተፋ ቤት ከተገኘ ልጆቹ ሁሉ ከፈተናው ይታገዳሉ። ለማን ይናገር? ከጌታቸው በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ቢያቃጥለው ጌታቸው ሌላ ያመጣል። እሱ ራሱ ቢጠፋ ጌታቸው በሌላ ሰው ያስቀምጠዋል። ልጆቹ ቅዳሜ እንዲፈተኑ ከተፈለገ ፖስታው መገኘት አለበት፤ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ከአንድ ሰው ጋር።

አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠ። የሚያሳፍር ነገርም ነበረው፤ እሱም አትክልት ተብሎ፣ ክፍሉ ዕድሜውን ቀንሶ በሠራለት ወረቀት ለቅዳሜ ተመዝግቧል። ለሽፋን ብሎ ነው የጀመረው። በኋላ ግን ወደደው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮት ለብሶ ወደ ቤት መሄድ ናፈቀው። ፈተናው ደግሞ እጁ ላይ ነው።

ፖስታውን መልሶ ጠቀለለው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ኢተፋ ቤት ከልጆቹ ቀድሞ ደረሰ። ኦቦ ኢተፋ ሰላምታ ሰጥተውት ጠመኔ ሊገዙ ወጡ። መደርደሪያው ፊት ለፊቱ ነው። ብቻውን ነው።

አልተነሳም።

ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ላንድሮቨር ደጅ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ኢቲቻ ከፖሊሶቹ ጋር ገባ። ከኋላው ጌታቸው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሙጫን እንደማያውቅ ሆኖ ቆመ። መጻሕፍቱ መሬት ላይ ፈሰሱ። ፖሊሶቹ ሣጥኑን ከፈቱ፣ ፍራሹን ገለበጡ። ምንም የለም።

«በደንብ ፈትሹ» አለ ጌታቸው። «አራግፏቸው!»

ሙጫ ከአግዳሚው ተነሳ።

«አትድከሙ። እኔ ጋ ነው።»

ፖስታውን ከዘንቢሉ አውጥቶ ለሃምሳ አለቃው ሰጠ። «ኦቦ ኢተፋ አያውቁም። ልጆቹም አያውቁም። ማኅተሙን እይው፤ ማንም አላነበበውም።»

ሃምሳ አለቃው ፖስታውን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «እውነቱን ነው፣ አልተነካም። ከማን አገኘኸው?»

ሙጫ ጌታቸውን አየው።

ጌታቸው የአንገቱን ላብ ጠረገ። «እሱን የኛ ክፍል ያጣራል። ሰውየውን አስረክበኝ።»

«ሰውየውን ውሰዱ። ፖስታው ግን እኔ ጋ ይመዘገባል» አለ ሃምሳ አለቃው። ደንብ አክባሪ መሆኑን ቡራዩ ሁሉ ያውቃል፤ ሙጫ የተማመነውም በዚያ ነው።

«ጋሽ አትክልት» አለች ደጊቱ። ድምጿ ተሰበረ። «ነገ እኮ ነው ፈተናው። ልታስጨርሰን ነበር?»

እጆቹን ወደ ፖሊሶቹ ዘረጋ። ኦቦ ኢተፋ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። ካቴና ሲጠልቅለትም አላዩትም።

ላንድሮቨሩ አዲስ አበባን አቋርጦ እንጦጦን መውጣት ጀመረ። ጌታቸው ራሱ ነው የሚነዳው።

«አበድክ?»

«ልጆቹ ነገ ይፈተናሉ።»

«ባይፈተኑስ?»

«እናገራለሁ።»

«ማን ያምንሃል?»

«ማኅተሙ የክፍልህ ነው። ሃምሳ አለቃው መዝግቦታል።»

ጌታቸው ማርሽ ቀየረ። ሲናገር ድምፁ ደክሞ ነበር። «የወንድሜ ልጅ ሁለቴ ወደቀ፤ የኢተፋ ልጆች ቦታውን ሁሉ ይወስዱበታል። ወንድሜ ቤቴን መርገጥ ተወ። ምን ላድርግ?»

«ኢተፋ ጋ ትልከው ነበር።»

ሱሉልታ ሜዳ ዳር መኪናው ቆመ። ጌታቸው ካቴናውን ፈታ። «ፖስታው ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ይፈተናሉ። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ የለህም። ደመወዝ የለም፤ ጡረታ የለም። ክፍሉ በር ላይ ባይህ ሌባው አመለጠ ብዬ አስተኩስብሃለሁ።»

«እሺ።»

ሙጫ ወርዶ በሩን ዘጋ። የትም የሚሄድበት አልነበረውም፤ እዚያው ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት፣ መንገድ ዳር ድርቆሽ ሲያስር አንድ የመንግሥት መኪና ቆመ። ሾፌሩ አዲስ አበባ ላም ያረባል መሰለኝ፣ ወርዶ ዋጋ ጠየቀው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች። ንጹሕ ጫማ፣ ደረቷ ላይ የተሰካ እስክሪብቶ።

ደጊቱ ናት።

አልፋለች። ሳያስበው በደስታ ፈገግ አለላት። እሷም አወቀችው። ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለች ለሾፌሩ። «ፈተና ሰርቆ ከነመምህራችን ሊያሳስረን የነበረ ነው። ከሌላ ሰው ግዛ።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ጌታቸው ዛሬም ሹም ነው፤ እሷ ገና ጀማሪ ጸሐፊ ናት፤ እውነቱን ካወቀች እሷንም ከሥራ ያስወጣታል። አፉን ዘጋ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን የከፋው አይመስለኝም።

ሾፌሩ አጠገቡ ድርቆሽ ወደሚሸጠው ጎረቤቱ ወደ ጃራ ሄደና ገዝቶ ጫነ። መኪናው በእንጦጦ በኩል ሲርቅ ጃራ ብሩን ኪሱ እየከተተ መጣ።

«ሴትዮዋ ምን ሆና ነው? ታውቅሃለች እንዴ?»

«አታውቀኝም» አለ ገመዱን እያጠበቀ። «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው።»